ፋሮ፦ በአንድ ጉድጓድ ላይ የቆመች ከተማ ታሪክ

በዚህ እትም የምናጠናው ከአገራችን እጅግ ርቃ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማን ታሪክ ነው። ከተማይቱ ፋሮ ትባላለች፤ የምትገኘውም በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ዩኮን በተባለው ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በከተማይቱ የሚኖሩት ሰዎች 440 ብቻ ነበሩ። ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ወደ 2000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ነበሯት፤ በምድር ላይ ካሉት ታላላቅ የእርሳስና የዚንክ ማውጫዎች አንዱም በደጇ ይሠራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየአጥቢያው በኮሚቴ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ ወይም ስለ ሥራ ዕድል የሚያነጋግር እንግዳ ሊመጣበት ይችላል። እንግዳው ይዞት የሚመጣው ሐሳብ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፋሮ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝርዝር የምታሳይ ከተማ ናት።

ስለ ማዕድኑም አንድ ነገር እናስቀድም። ዚንክ በብዛት የሚያገለግለው ብረት እንዳይዝግ ለመለበጥ ነው። በአብያተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ የሚያበራው በዚሁ ልባጥ ምክንያት ነው። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ለመኪና ባትሪ ይውላል። ስለዚህ የፋሮ ታሪክ እኛም በየቤታችን የምንገለገልባቸው ነገሮች ከየት እንደሚመጡ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ስፍራው የፔሊ ወንዝ ሸለቆ ነው። ክረምቱ ረጅምና ብርቱ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ካስካ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ኑሯቸው ካሪቡንና ሙስ የሚባለውን ታላቅ አጋዘን በማደን፣ በወንዙም ዓሣ በማጥመድ የቆመ ነበር፤ እንደ ወቅቱም ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወሩ ነበር። የዛሬዎቹ የካስካ ልጆች በብዛት የሚገኙት ከፋሮ በመኪና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በሮስ ሪቨር መንደር ነው።

በ1953 አል ኩላን የተባለ ማዕድን ፈላጊ ከካስካ መንገድ መሪዎች ጋር ሆኖ ቫንጎርዳ በተባለው ጅረት አጠገብ የእርሳስና የዚንክ ክምችት አገኘ። ተራራውን፣ ጅረቱንና የእንስሳቱን መንገድ የሚያውቁት እነዚያ መሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ፍለጋው ምን ያህል ይደክም እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሆኖም ግኝቱ ወዲያው ወደ ሥራ አልተለወጠም። መንገድ የለም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል የለም፤ ወደቡም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ማዕድን በምድር ውስጥ ስላለ ብቻ ሀብት አይባልም፤ ሀብት የሚሆነው ወደ ገበያ የሚያደርስ መንገድና ዋጋ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ክምችቱ ከ10 ዓመት በላይ ባለበት ቆየ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አሮ አሆ የተባለ የጂኦሎጂ ባለሙያ የሚመራው ዳይናስቲ ኤክስፕሎሬሽንስ የተባለ ኩባንያ ፍለጋውን እንደገና ጀመረ፤ በ1965ም ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ክምችት ተገኘ። ለቦታው የተሰጠው ስም ፋሮ ሲሆን፣ ፋሮ ማለት በቀድሞ ዘመን በምዕራቡ ዓለም የታወቀ የካርታ ቁማር ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ትንቢት ለመናገር እንዳላሰቡ የታወቀ ነው፤ የኋላውን ታሪክ ያየ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ዳይናስቲ ሳይፕረስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተጣምሮ አንቪል የተባለውን የማዕድን ኩባንያ አቋቋመ፤ ማዕድኑንም የሚገዙ የጃፓን ድርጅቶች ተገኙ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማዕድን ማውጫው የግል ኩባንያ ይሁን እንጂ፣ ያለ መንግሥት ገንዘብ ሊከፈት አይችልም ነበር። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት መንገድ አወጣ፤ ድልድይ ሠራ፤ የኤሌክትሪክ መስመርም ከዋና ከተማዋ ከዋይትሆርስ ዘረጋ። በዋይትሆርስ ያለው የውሃ ኃይል ማመንጫ ተስፋፋ፤ በ1975 ደግሞ በአብዛኛው የዚህን ማውጫ ፍላጎት ለማሟላት አይሺሂክ ላይ ሌላ ማመንጫ ተሠራ። ይህ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በትርፉ ጊዜ የኩባንያው ስም ጎልቶ ይሰማል፤ በመሠረቱ ውስጥ ያለው የግብር ከፋዩ ድርሻ ግን እምብዛም አይነሣም። እኔ በግሌ ይህን ክፍል ከታሪኩ ሁሉ ዋነኛው አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ የመጨረሻውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ከዚሁ ይጀምራልና።

ከተማይቱ ገና በመሠራት ላይ ሳለች ታላቅ አደጋ ደረሰባት። ሰኔ 13 ቀን 1969 የደን ቃጠሎ ተነሥቶ አዲሶቹን ቤቶች በአብዛኛው አወደማቸው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ግንበኞቹ ግን አመዱን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤ በዚያው ዓመትም ማውጫው ሥራውን ጀመረ። የከተማው ሰዎች ይህን እሳት እስከ ዛሬ ያወሳሉ። ፋሮ ዕድሜዋን ሙሉ እየወደቀች የተነሣች ከተማ ናት የሚል አስተሳሰብም ከዚያ ይጀምራል።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። ማዕድኑ የሚወጣው ከላይ በተከፈተ ሰፊ ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያ ከማዕድኑ በላይ ያለው ጥቅም የሌለው ድንጋይ በፈንጂ ይፈነዳና በትላልቅ መኪናዎች ተጭኖ በአቅራቢያው ይከመራል። ማዕድን ያለበት ድንጋይ ወደ ወፍጮ ይገባል፤ እስኪልም ድረስ ይፈጫል፤ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ አየር ሲነፋበት የእርሳሱና የዚንኩ ቅንጣት ከአረፋው ጋር ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ተለይቶ ይደርቃል፤ የሚሸጠውም ይህ ዱቄት ነው። የቀረው ጭቃ ዝቃጭ ይባላል። የፋሮ ዝቃጭ ሮዝ ክሪክ በተባለው ጅረት ሸለቆ፣ በግድብ ታግዶ ተከማቸ፤ ጅረቱም ከተፈጥሮ መንገዱ ወጥቶ በሰው በተቆፈረ ቦይ እንዲሄድ ተደረገ። ዱቄቱ በመኪና እስከ ዋይትሆርስ፣ ከዚያም በ1900 ተሠርቶ ባለቀው የዋይት ፓስ ባቡር ተራራውን አቋርጦ በአላስካ ወዳለው የስካግዌይ ወደብ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ጃፓን ይጓዝ ነበር።

ጥሩዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ደመወዙ ከፍ ያለ ነበር። ትምህርት ቤት፣ የጤና አገልግሎት፣ ሱቅና የስፖርት ስፍራ ነበር። ወጣት ቤተሰቦች ከደቡብ ካናዳ እየመጡ ልጆቻቸውን በዚያ አሳደጉ። ማውጫው በደመቀበት ዘመን ከዩኮን ኢኮኖሚ ሲሶ ያህሉ በእርሱ ላይ የተደገፈ ነበር ይባላል። በቁጥር ደረጃ ይህ የልማት ድል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ግዛት ሲሶ ኑሮውን በአንድ ጉድጓድና በሁለት ብረቶች ዋጋ ላይ ሲያኖር፣ ዋጋው የሚወሰነው ደግሞ በሌላ አህጉር ሲሆን፣ ያ ድል ምን ያህል የራሱ ነው?

ለካስካዎች ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ማውጫው ሲከፈት ለነባር ሕዝቦች የሥራ ድርሻ እንደሚሰጥ ቃል ተገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ ካስካዎች በቋሚነት የተቀጠሩበት ሥራ ጥቂት ነው። አዲሱ መንገድ ወደ ሮስ ሪቨር ያመጣው በብዛት እንግዳ አዳኞችንና መጠጥን ነበር፤ የአደን ስፍራቸው ተቆፈረ፤ እንስሳቱ ከድምፁና ከአቧራው ሸሹ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ በዚያን ዘመን ሕጉም አያስገድድም ነበር። ቃል ሲገባ የአፈጻጸሙ ተቆጣጣሪ ማን እንደሆነ፣ ባይፈጸምስ ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ፣ ቃሉ ለሰጪው መልካም ስም፣ ለተቀባዩ ተስፋ ብቻ ይሆናል። እኛም በውሃ ፕሮጀክት ርክክብ ጊዜ የመጠገኛው ገንዘብ በማን ስም እንደሚቀመጥና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን በቃለ ጉባኤ ይያዝልን እያልን ሽማግሌዎችን የምናስቸግረው ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ውድቀት የመጣው በ1982 ነው። የዓለም ኢኮኖሚ ተዳከመ፤ የብረቶቹ ዋጋ ወረደ፤ ማውጫውም ተዘጋ። በዚህ ጊዜ የታየው የሰንሰለት ውጤት ለትምህርት የሚበቃ ነው። ባቡሩ በዋናነት የሚኖረው የፋሮን ዱቄት በማጓጓዝ ስለነበር በዚያው ዓመት እርሱም ቆመ። ከ80 ዓመት በላይ የሠራ ባቡር፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ አንድ ጉድጓድ ስለተዘጋ ጭነት አጣ። (በኋላ ዘመን ለቱሪስቶች መመላለሻነት እንደገና ተከፍቷል።) በዋይትሆርስም ሥራ ጠፋ፤ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ፋሮ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው መሄድ ጀመሩ፤ ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ለቀቁ። ማውጫው ዳግም ሲከፈት ዝግጁ እንዲሆን በመንግሥት ድጋፍ ከማዕድኑ በላይ ያለውን ድንጋይ የማንሣት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ተካሄደ፤ ይህም ለጥቂቶች እንጀራ ሆነ።

በ1986 ከራ ሪሶርስስ የተባለ ኩባንያ ማውጫውን ገዝቶ ከፈተ። ባቡሩ ስለቆመ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ በታላላቅ መኪናዎች በቀጥታ እስከ ስካግዌይ ተጓዘ፤ መንገዱም በክረምት ሳይቀር ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ሰዎች ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሞላ። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ውድቀት የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። ይኸው ኩባንያ በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ፣ ዌስትሬይ የተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበረው። ግንቦት 9 ቀን 1992 በዚያ ማውጫ ውስጥ ፍንዳታ ተነሥቶ 26 ሠራተኞች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው የሕዝብ አጣሪ አካል ነገሩ ሊወገድ ይችል እንደነበር አረጋግጧል። የኩባንያው አቅም በዚህና በብረት ዋጋ መውረድ ተናጋ፤ በ1993 ፋሮ ሥራ አቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት በሌላ ጉድጓድ የተፈጸመው ቸልተኝነት ከገንዘቡ ጭንቀት ጋር ተደምሮ የፋሮን ቤተሰቦች እንጀራ ነጠቀ። የአንድ አካባቢ ሕዝብ ከኩባንያ ጋር ሲዋዋል የሚዋዋለው በደጁ ካለው ጉድጓድ ጋር ብቻ ሳይሆን ኩባንያው በየትም ካለው ዕዳና ጥፋት ጋር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

አንቪል ሬንጅ የተባለ ሦስተኛ ባለቤት መጣ፤ ከ1995 ጀምሮም ጥቂት ሠራ። በጥር 1998 ማውጫው ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ነበርና ፍርድ ቤት ንብረቱን የሚጠብቅ ባለአደራ ሾመ። በ2001 ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 313 ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃ ይመስላል፤ ዋናው ክፍል ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኩባንያዎቹ ከሄዱ በኋላ በቦታው የቀረው 70 ሚሊዮን ቶን ዝቃጭና 320 ሚሊዮን ቶን የተጣለ ድንጋይ ነው፤ የሸፈነውም ስፋት 25 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ድንጋይ እንደ ተራ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በውስጡ ብዙ ድኝ አለ፤ በተለይ ፓይራይት በተባለው የብረትና የድኝ ውሕድ መልክ። ድኝ ያለበት ድንጋይ በምድር ሆድ ሳለ አየር አያገኘውም። ተፈንድቶና ተፈጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ ግን አየርና ውሃ ይነኩታል፤ ያን ጊዜ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ዚንክ፣ ካድሚየምና ሌላውንም ብረት አሟሙቶ ወደ ጅረት ያወርዳል። ዚንክ ለቆርቆሮ መልካም ቢሆንም፣ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ለዓሣ መርዝ ነው።

የዚህ ነገር ክፋቱ መዘግየቱ ነው። በድንጋዩ ውስጥ አሲድን የሚያበርዱ ሌሎች ማዕድናት ስላሉ፣ ክምሩ ለብዙ ዓመታት ንጹሕ ውሃ ሲያፈስ ሊታይ ይችላል። የሚያበርደው ሲያልቅ አሲዱ ያይላል። ስለዚህ ማውጫው ትርፍ በሚያገኝበት ዘመን ጉዳቱ በሙሉ አይታይም፤ ጉዳቱ ሲታይ ደግሞ ትርፍ የሚያገኝ ሰው በቦታው የለም። ከሒሳብ መዝገብ አንጻር ሲታይ ገቢውና ወጪው በተለያየ ትውልድ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

በቦታው የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው፤ የተበከለው ውሃ ወደ ጅረት ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ በፓምፕ ወደ ማጣሪያ ይወሰዳል፤ ኖራ ይጨመርበታል። ኖራው አሲዱን ሲያበርድ ብረቱ እየረጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጠራው ውሃ ይለቀቃል፤ የረጋው ጭቃ ደግሞ በተራው ማስቀመጫ ይፈልጋል። ዘላቂው ዕቅድ ክምሮቹን በአፈር መሸፈን፣ ግድቦቹን ማጠናከርና ንጹሑ ጅረት ከተበከለው ጋር እንዳይቀላቀል መለየት ነው። ዕቅዱ በ2019 ለአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ቀረበ። ግንባታው ብቻ ከ10 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ባለሙያዎቹ የውሃው ማጣራት ለዘለቄታው እንደሚቀጥል ይናገራሉ፤ ሲናገሩም በመቶ ዓመታት እየቆጠሩ ነው። ማውጫው በጠቅላላው የሠራው፣ የተዘጋባቸውን ዓመታት ጨምረን ብንቆጥር እንኳ፣ 30 ዓመት አይሞላም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? ከኩባንያዎቹ ለማጽጃ ተብሎ የተያዘው ገንዘብ ከሥራው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የከሰረ ኩባንያ አይከሰስም፤ ቢከሰስም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ዕዳው በካናዳ ሕዝብ ግምጃ ቤት ላይ ወደቀ። በ2003 የመሬትና የማዕድን አስተዳደር ከፌዴራል መንግሥት ወደ ዩኮን ግዛት ሲተላለፍ እንኳ ዩኮን የፋሮን ዕዳ ልሸከም አልችልም ብላ ነበርና ወጪው በፌዴራሉ ላይ ቀርቷል። ከፋሮና ከመሰል ማውጫዎች በኋላ በካናዳ የታየው ዋና የሕግ ለውጥም ይኸው ነው፤ ማዕድን ሊቆፍር የሚመጣ ኩባንያ የማጽጃውን ዋስትና ከመቆፈሩ በፊት ያስይዛል፤ ጉድጓዱ እየሰፋ ሲሄድም የዋስትናው መጠን እየታየ ይጨምራል። የዋስትናው መጠን በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ግን በየማውጫው ዛሬም አለ።

የሮስ ሪቨር ካስካዎችም እንደ ቀድሞው ዝም አላሉም። መሬታቸውን በሚመለከት የመንግሥት ግዴታ ምን እንደሆነ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። በ2012 የዩኮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በባህላዊ ምድራቸው ላይ አዲስ የማዕድን ይዞታ ሲመዘገብ መንግሥት ሊያማክራቸው እንደሚገባ ወስኗል። በ1953 አንድ ሰው በምድራቸው ላይ ካስማ ተክሎ ይዞታ ሲያስመዘግብ ካስካዎችን ለመጠየቅ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። በጽዳቱ ሥራም የሥራና የውል ድርሻ ይጠይቃሉ። ዓሣውና የዱር እንስሳው ለመብል የታመነ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሲደረግ የቆየው ጥናትም እነርሱን የሚመለከት ነው፤ በመንደሩ አሁንም ከአደን የሚበላ ቤተሰብ አለና።

ፋሮ ግን አልጠፋችም። በሰሜን ካናዳ ማዕድኑ ሲያልቅ ቤቶቹ ፈርሰው መሬቱ ወደ ጫካ የተመለሰባቸው ከተሞች አሉ። የፋሮ ሰዎች ግን ቀሩ። ባዶ የነበሩት ቤቶች በርካሽ ዋጋ ተሸጡ፤ ጡረተኞችና ጸጥታ ፈላጊዎች መጡ፤ አንዳንዱም የሚሠራው በዚያው በማጽዳቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ማውጫው ከተዘጋም በኋላ እንጀራ ይሰጣል፤ ነገሩ ቢያስደንቅም እውነት ነው። በከተማይቱ መካከል የሚያልፍ የጎልፍ ሜዳ አለ፤ በመግቢያዋም ላይ ከማውጫው የቀረ ግዙፍ የጭነት መኪና ለመታሰቢያ ቆሟል።

ሌላም ሀብት አላቸው። ከከተማይቱ በላይ ባሉት ገደሎች ፋኒን የሚባሉ የዱር በጎች ይኖራሉ፤ ጸጉራቸው ነጭና ግራጫ ነው፤ የሚገኙትም በጥቂት ስፍራዎች ብቻ ነው። በግንቦት ወር በሺህ የሚቆጠሩ ረጅም እግር ወፎች በሸለቆው ሰማይ ላይ ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ ከተማይቱም በዚያ ወቅት የበጎችና የወፎች በዓል ታዘጋጃለች። እንግዶች አጉሊ መነጽር ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። በዚሁ ወቅት በማዶው ኮረብታ ላይ በረዶው ይቀልጣል፤ በክምሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ይበዛል፤ የማጣሪያው ሠራተኞችም ሥራቸው ይበረታል። እነርሱ ያጣሩት ውሃ በሮዝ ክሪክ አድርጎ ወደ አንቪል ጅረት፣ ከዚያ ወደ ፔሊ፣ ከፔሊም ወደ ታላቁ የዩኮን ወንዝ ይገባና አላስካን አቋርጦ እስከ ቤሪንግ ባሕር ይወርዳል።